የሊድያ ጡቦች

ሐምሌ 1

ይህ ደብተር ለማስተምረው የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ የተገዛ ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ለእኔ ተረፈ። የምጽፍበት ልኬት ብቻ ነው፦ ስንት ብርጭቆ ዱቄት፣ ስንት ማንኪያ ማር፣ ልጄ ሊድያ ስንት ኪሎ። የብሶት መዝገብ አላደርገውም።

ትናንት ባሕር ዳር ወስደን አስመዘንናት፤ 18 ኪሎ ከ900። በሚያዝያ 16 ከ800 ነበረች። ስንዴ፣ ገብስና አጃ አንጀቷን ውስጥ ውስጡን እንደሚያቆስላት የሰማነው ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው። ጤፍ ምንም አይላትም። ዶክተሩ ለነሐሴ 27 ቀጥሮናል። «ከዚህ ሚዛን ወርዳ እንዳትመጣ፤ ከወረደች አስተኝተን ማየት ግድ ይለናል» አለን። አስተኝተን ያለው ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የጤፍ ዱቄት የምንገዛበትን ቤት የጠቆመን እሱ ነው፤ ትናንት ግን ዝግ ሆኖ አገኘነው። ቤት ያለው ለሦስት ቀን ይበቃል።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዳቦ ይዞ ሲወጣ ሊድያ ባዶ እጇን ደጅ መቆሟ ሰለቸኝ። ስለዚህ፦ ሁለት ብርጭቆ የታመሰ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ የተወቀጠ ኦቾሎኒ፣ ሦስት ማንኪያ ሰሊጥ፣ ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ አንድ የበሰለ ሙዝ፣ አራት ማንኪያ ማር። አቡክቶ በትሪ መጠፍጠፍ፤ ትሪውን ኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ አስቀምጦ አከምባሎ መድፋት፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሲበርድ በጣት ልክ መቁረጥ።

ሊድያ አንዱን ነከሰችና ጥርሷን ያዘች። «እማ፣ ይሄ እኮ ጡብ ነው» አለች። ስሙ ጸደቀ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

የባሕር ዳሩ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይዘጋ! ጤፍ እዚሁ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ሞልቷል።

ምርጥ የሚባለውን ነጭ ጤፍ ገዛሁ። እህል ለእህል ለቅሜ፣ ሁለት ጊዜ አበጥሬ ሙሉቀን ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። የጤፉ ወፍጮ ከሰኔ ጀምሮ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ሁሉም በአንዱ ስለሚያስፈጭ ሰልፉ ደጅ ድረስ ነው። ከፊቴ የነበረችው ሴት የገብስ ጆንያዋን እንደጨረሰች ዝናቡ ወረደ። ሙሉቀን አዝኖልኝ የኔን ቶሎ ከተተልኝ። እቤት ስደርስ ዱቄቱ ገና ሞቃት ነበር፤ ነጭ፣ የሚያምር።

ጡብ ቁጥር 2፦ ሙዙን ሁለት ማድረግ፣ ደቂቃውን ወደ አሥራ ስምንት መቀነስ። ሊድያ አራት በላች። ደስ አለኝ።

ሐምሌ 6

እማማ በለጠች ከጋፋት መጡ። የባለቤቴ የዘውገ እናት ናቸው። ጉልበታቸውን ሊታከሙና ፍልሰታን ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ ሊጾሙ ነው። አንድ ዘንግና አንድ ቋጠሮ ይዘዋል። የነጠላቸው ጫፍ እንደ ሁልጊዜው ተቋጥሯል። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ቋጠሮ ውስጥ የገብስ ቆሎ ሳይኖር አይቻቸው አላውቅም።

ስለ ሊድያ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ሰሌዳ ላይ ሥዕል ማሳየት ነበር የቀረኝ። ሰሙኝ፤ ሰምተው ሲያበቁ፦

«አዬ ልጄ! እንደው የሰው ልጅ ገብስ ካልበላ ምን ሊበላ ነው?» አሉ።

«ጤፍ፣ እማማ። ጡብ።»

«ጡብማ ቤት ይሠሩበታል።»

እኚህን ሴት ሁለት ወር እንዴት እንደምችላቸው እንጃ።

ሐምሌ 12

ጡብ ቁጥር 4። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ እርድ። አሁን ይታኘካል፣ አይፈረፈርም፣ ኪስ ውስጥ አይቀልጥም። ቅቤም እንቁላልም ስለሌለው ለፍልሰታም ይሆናል። መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ በከሰል ጨረስኩት።

ውኃ ቦኖው ጋ ጎረቤታችን አሰለፈች ጀርባዋን ሰጥታኝ ለሌላ ሴት ስትናገር ሰማሁ፦ «ልጅቱን በረኀብ ልትጨርሳት ነው። የተማርኩ ነኝ ትላለች። ሰው ቤት ገብታ እንኳ አትቀምስም፤ አፏን ይዛ ነው የምታወጣት።»

ጄሪካኔን ሞልቼ «እንደምን አደርሽ፣ አሰለፈች» አልኳት፤ በደንብ ጮክ ብዬ። ጀርባዋ ሲደነግጥ አየሁ። ያሰኛትን ትበል። ልጄን ለይሉኝታ አላበላም።

ሐምሌ 17

ሊድያን ዛሬ ሁለት ጊዜ አስቀመጣት። ፋርማሲው ሚዛን ላይ 18 ከ600። የክረምት ብርድ ይሆናል።

አቅም እንዲሆናት ጡቡን በቀን ከአራት ወደ ስድስት አሳደግሁ።

ሐምሌ 21

18 ከ200።

ሆዷ ተነፍቷል። እግሯ ቀጥኗል። ስድስቱንም ጡብ ትበላለች፤ ቆሜ ነው የማበላት። እንጀራውም ከዚያው ከንጹሑ ጤፍ ነው። ከእኔ እጅ የወጣ አንድ ነገር የለም።

ታዲያ ከማን እጅ ነው?

ዛሬ ከሰዓት በመስኮት አየሁ። እማማ በለጠች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሊድያ እጇን ነጠላቸው ውስጥ ከታ ነበር። ስወጣ እጇን አወጣች። 

ሐምሌ 26

ዘውገ ከነፋስ መውጫ መጣ። የመንገድ ሥራው ላይ ስለሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምናየው። ሊድያን ሲያቅፋት ፊቱ ተለወጠ። ሳሎን ከእናቱ ጋር ሲያወሩ ከማድ ቤት ሰማሁ፤ ሆን ብዬ አላዳመጥኩም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

«ደብረ ታቦር ተወልዳ ለቡሄ ሙልሙል ያልያዘች ልጅ!» ይላሉ። «ላንተ በየዓመቱ ጋግሬ፣ ከተማ ስትማር ጋፋት ድረስ እየመጣህ አልወሰድህም? ለሷ ማን ሊሰጣት ነው?»

«ስንዴ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ስንዴ መሆኑን አውቃለሁ!»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ምን እንዳሉ ግን መገመት አያቅተኝም፤ ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች ነው የሚሉት። ዘውገን ስጠይቀው «ተያት እባክሽ፣ አሮጊት ናት» አለኝ። ሁልጊዜ ተያት። ልጄን የሚያድናት ሰው መተው ቢሆን ኖሮ ድሮ በተረፈች ነበር።

ነሐሴ 1

ዛሬ ፍልሰታ ገባ። 17 ኪሎ ከ800።

የቁርባኑን ነገር፣ ኅብስቱ ስንዴ ነውና፣ ከንስሐ አባታችን ከመምሬ ገብረእግዚአብሔር ጋር በግንቦት ተነጋግረን ጨርሰናል። እሱ የእኛና የእሳቸው ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

እማማ በለጠች ቅዳሴ ሄደው ሳለ ቋጠሯቸውን ፈታሁ። ይኸው ጻፍኩት። የሰው ቋጠሮ ፈታሁ። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ዳዊት፣ ሥር ደግሞ በጨርቅ የታሰረ ሁለት እፍኝ የሚሆን የገብስ ቆሎ።  ማስረጃ።

ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኳቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

አዩት። ቀሚሳቸውን አዩት፣ ዳዊታቸውን አዩት።

«ቆሎ ነው» አሉ።

«ልጄን በዚህ ነው የሚገድሉብኝ? በድብቅ? ነጠላዎ ውስጥ እየደበቁ?»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ቢቆጡ ተዘጋጅቼ ነበር። ዳዊቱን አንሥተው ስመው ደረታቸው ላይ ያዙት። «እህ» አሉ ብቻ። ሊድያ በር ላይ ቆማ ነበር።

ትክክል ነኝ። ማንም እናት ብትሆን ይህን ታደርጋለች።

ነሐሴ 2

ጠዋት ስነሣ ሄደዋል። አልጋው ተነጥፏል። ቆሎው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

ዘውገ ደወለ። «እናቴን ከቤቴ አባረርሻት?» አለ። አላባረርኩም፤ ራሳቸው ሄዱ፤ አልኩት። ዘጋው።

አሁን ቢያንስ ልጄ ትድናለች።

ነሐሴ 3

ሊድያ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ዛሬ ጸጉሯን ስሠራት፣ ፊቷን ሳላየው፣ ጠየቅኋት።

«እማማ ስንት ጊዜ ቆሎ ሰጥተውሻል?»

«አንድም ጊዜ።»

«እጅሽ ነጠላቸው ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?»

«ጡቤን ነበር የምሰጣቸው። ጾም ከመግባቱ በፊት ቅመሱ ብዬ። ጥርስ ስለሌላቸው ያሟሙት ነበር።» ትንሽ ቆይታ፦ «ቆሎ እኮ ትተዋል። የነጠላቸውን ለዶሮ በተኑት። እኔን ሊይዙኝ ሲሉ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ።»

«ቋጠሮ ውስጥ ያለውስ?»

«ለመምሬ ይዘውት መጥተው ነው። እንዳልነካው ብለው ነው የደበቁት።»

ልጅ የነገሯትን ነው የምትደግመው። ያስጠኗት ይሆናል።

ከሰዓት እንደገና አስቀመጣት።

ነሐሴ 5

ይህንንም በሥርዓቱ እጽፈዋለሁ።

ዱቄቱ አለቀ። ቅዳሜ ገበያ ነጭ ጤፍ ስላጣሁ ቀይ ገዝቼ ነበር። ለቀምኩት፣ አበጠርኩት፣ ዛሬ ሙሉቀን ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ከፊቴ አንድ ሰውዬ ስንዴ ያስፈጭ ነበር። ተራዬ ደረሰ። ሙሉቀን ጤፌን ከላይ ከተተው፤ እኔ ከታች ከረጢቱን ያዝኩ።

መጀመሪያ የወረደው ነጭ ነው።

ጤፌ ቀይ ነው፤ የወረደው ነጭ። ከዚያ ነጭና ቀይ ተቀላቅሎ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ሙሉቀን በዱላ ድንጋዩን መታ መታ ሲያደርገው እንደገና ነጭ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምኑ?»

«ነጩ!»

«የሰውየው ነዋ» አለ ሙሉቀን፣ እንደ ጅል እያየኝ። «ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ያንቺም ለሚቀጥለው ይቀርለታል። ወፍጮ ነው እኮ፣ ቲቸር።»

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ሁሉም ያውቃል። እዚህ አገር ወፍጮ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ገጠር፣ ገሳይ ተወልጄ፣ በጀርባዬ እህል ተሸክሜ ያደግሁ ነኝ። አውቅ ነበር። እጄ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቴ ነው ያላገናኘው። ነጭ ጤፍ ስለሆነ አላየሁትም እንጂ ያ የገብስ ዱቄት ሐምሌ 5 ቀንም ከረጢቴ ውስጥ ነበር። ዶክተሩ «ከዚህ ቤት ግዙ» ሲለን ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ቤት ስለሆነ ነው። «ለምን?» አላልኩትም። ሰባ ልጅ ፊት ቆሜ «ለምን ብላችሁ ጠይቁ» የምል ሴትዮ «ለምን?» አላልኩም።

አራት ጡብ ሳበላት ታመመች። ስድስት አደረግሁት። በእጄ። ቆሜ።

ከዚያም የአሮጊቷን ቋጠሮ ፈታሁ።

ነሐሴ 6

ጡቡን ሁሉ፣ ዱቄቱን ሁሉ፣ ሊጡን ሁሉ አወጣሁ። ትሪውን፣ አከምባሎውን፣ ወንፊቱን በፈላ ውኃ አጠብኩ። ሊድያ እስከዚያው የፎገራ ሩዝና ድንች ትበላለች።

ከዚያ ጋፋት ሄድኩ። ሽማግሌ ልኬ፣ በሰው አፍ አስብዬ፣ እንዲህ ያለው አይሆንልኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እግሩም የኔ ይሁን። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገድ ላይ አወረደኝ፤ ቀሪውን በእግሬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ።

እማማ በለጠች ደጃቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ቀና አላሉም። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። ወደቅሁና ጉልበታቸውን ስሜ «የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቀስ!» አሉ። «ያመመኝ እኮ እሱ ነው። በዚያኛው ሳሚ።»

በዚያኛው ሳምኩ። አለቀስኩም። የወፍጮውን ነገር ስነግራቸው ጎመኑን አስቀመጡት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። 

«ቋጠሮዬን መፍታትሽ አይደለም የከፋኝ» አሉ። «ልጅቱ ፊት መሆኑ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። እስቲ ተነሽ። ያ ባለወፍጮ ድንጋዩን የሚወቅረው መቼ ነው?»

«ምኑን?»

«ድንጋዩ ልሞ መፍጨት ሲያቅተው ይወቀራል አይደል እንዴ? ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ በመሮ ይወቅረዋል። ያን ቀን ውስጡ ያለው ያለፈ ዱቄት ሁሉ ይወጣል። ግን ማንም ቀድሞ ማስፈጨት አይወድም፤ አሸዋ አሸዋ ይላል። እኛ እንቅደም። የመጀመሪያውን ሁለት ቁና ለዶሮ እናፈሰዋለን፤ ሌላው ንጹሕ ነው።»

ባዮሎጂ የማውቀው እኔ ነኝ። ወፍጮ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሐምሌ 6 ቀን ያን ሁሉ ሳስረዳቸው እኔም አንድ ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ።

ነሐሴ 9

ሙሉቀን ትናንት ማታ ወቀረው። «ነገ ጠዋት የኔ ነው» ብዬው ነበር፤ «እሺ ቲቸር» ብሎኝ ነበር። ከጋፋት አብረውኝ የተመለሱት እማማ በለጠች እሺውን አላመኑትም። ገና ሳይነጋ በጭጋጉ ውስጥ በዘንጋቸው እያነከሱ ሄደው፣ በሰው ያሸከሙትን ጤፍ በር ላይ አስቀምጠው፣ ጆንያው ላይ ተቀምጠውበት ደረስኩ።

አሰለፈች ከኋላዬ መጣች፣ ገብስ በጣሳ ይዛ።

«አንድ ጣሳ ብቻ ናት፣ እማማ። ልቅደም፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል።»

«አትቀድሚም።»

«አንድ ጣሳ እኮ ናት! ምን ታደርጋለች?»

«አንድ ጣሳ የልጅ ልጄን ልትጥልብኝ ነበር» አሉ እማማ በለጠች። «አልነሣም። ከፈለግሽ እኔንም አብረሽ አስፈጪኝ።»

ሙሉቀን ሳቁን ዋጠ። አሰለፈች ወደ እኔ ዞረች፤ አሮጊቷን ዝም እንዳሰኝላት። እኔ ሄጄ ጆንያው ላይ፣ ከእማማ ጎን ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ሁለት ቁና ለዶሮ ሄደ። ሦስተኛውን በመዳፌ አየሁት፤ ቀይ፣ ዳር እስከ ዳር ቀይ። ሙሉቀን ከእንግዲህ በወቀረ ቁጥር ሊነግረኝ ቃል ገባ። እማማ ደግሞ ቃሉን በመምሬ ስም አስማሉት።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ትናንት ከሰዓት እማማ በለጠች «ማድ ቤቱን ልቀቂልኝ» አሉኝ።

ለቀቅሁ። መልቀቁ እንዴት እንደከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አሰለፈች ጾሙ ሲገባ የላከችው፣ በላስቲክ የታሰረ የስንዴ ዱቄት አለ፤ ለሆያ ሆዬ ልጆች ሙልሙል ይሆናል ብዬ አስቀምጬው ነበር። ሳሎን ተቀምጬ የትሪ ድምፅ ሰማሁ፣ የውኃ ድምፅ ሰማሁ፣ የመደርደሪያው በር ሲከፈት ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ሲመሽ ልጆቹ ችቦ ይዘው ጅራፍ እያጮኹ መጡ። ደጃችን ላይ ዱላቸውን እየመቱ ሲጨፍሩ እማማ በሰፌድ ይዘው ወጡ። ሙልሙል ነው። ረዥም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፣ ልክ እንደ ሙልሙል። መልኩ ጥቁር ቡናማ። ትልቁን፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን፣ ለሊድያ ሰጡ፤ ሌላውን ለልጆቹ አከፋፈሉ። አንዱ ነክሶ «እማማ፣ ይሄ ሙልሙል አይደለም! ይጠነክራል!» አለ።

«ጥርስህን ለገበያ ሰጥተኸዋል እንዴ? ብላ!» አሉት። «ልጄ የማትበላውን ከዚህ ቤት ማንም ይዞ አይወጣም።»

ሊድያ ሙልሙሏን በሁለት እጇ ይዛ ከልጆቹ መሃል ቆማ ነበር። ወደ አፏ ወሰደችውና አየችኝ። ፈቃድ መጠበቅ ለምዳለች፤ እኔ ነኝ ያስለመድኳት። እማማ በለጠችም አዩኝ። ጥያቄውን እየጠበቁ ነበር። ሰፌዱን እንደያዙ፣ መልስ እንደሚሰጥ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

ከምን ጋገሩት? ምላሴ ላይ ነበር። የመደርደሪያው በር ለምን ተከፈተ? እሱም ነበር።

«ለእኔስ?» አልኩ።

እማማ በለጠች ሰፌዱን በአንድ እጃቸው ያዙ። ከዚያ ከሰፌዱ ሥር አንድ አወጡ፤ አስቀርተውልኝ ነበር። ነከስኩት። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ማር፣ ትንሽ እርድ። የኔው ቁጥር 4 ነው፤ ከኔ ይልቅ ለስልሷል። ሊድያ ጎረሰች።

ዛሬ ጠዋት መደርደሪያውን ሳየው የአሰለፈች ዱቄት ከነላስቲኩ የለም። በር ላይ ያገኘኋት አሰለፈች «እማማ መለሱልኝ እኮ፤ አመስግነው» አለችኝ። ምን ብለው እንዳመሰገኑ ከፊቷ ገምቻለሁ።

ነሐሴ 27

መንገዱ ስለተከፈተ ሦስታችንም ባሕር ዳር ሄድን።

19 ኪሎ ከ100።

ዶክተሩ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየው። ሆዷን ነካ ነካ አደረገ፤ ለስላሳ ነው። አልጋ የሚባል ነገር አላነሣም። ዱቄቱን ከየት እንደምናገኝ ጠየቀኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ሰምቷል። ደብረ ታቦር አስፈጭተን ነው አልኩት። ቅንድቡን አነሣ።

«ወፍጮ ቤት? ሌላ እህል እንዳልነካው በምን እርግጠኛ ሆናችሁ?»

እማማ በለጠች ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዘንጋቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ።

«አያቷ ጆንያው ላይ ተቀምጠውበት ነው» አልኩት።